ኮሞዶር 64 ያን ያህል ተሸጦ ኩባንያው እንዴት ከሰረ? (ማሽኑ ደሴ እኛ ቤት አለ)

የሰኞ_ገበያ_ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዱ የታሪክ ነው፣ አንዱ የኤሌክትሪክ።

አክስቴ ብዙ ዓመት ጀርመን ኖራለች። ድሮ ለእረፍት ስትመጣ ኮሞዶር 64 የሚባል ኮምፒውተር ይዛ መጥታ ነበር። እስካሁን ቁም ሳጥን ላይ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ አካል ነው፣ ወፍራም ነገር። አብሮት የራሱ የካሴት ማጫወቻ፣ ድንጋይ የሚያህል የኃይል ሳጥን እና ጥቂት የጌም ካሴቶች አሉ። አክስቴ ከሱፐርማርኬት ነው የገዛሁት ትላለች። ኮምፒውተር በዚያ ዘመን ከዱቄትና ከዘይት ጋር ይሸጥ ነበር እንዴ?

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምማረው፣ ሶፍትዌር። ስለዚህ ማሽን ሳነብ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከ12 እስከ 17 ሚሊዮን ተሽጧል ተብሎ ይገመታል። በአንድ ሞዴል ደረጃ በታሪክ ብዙ የተሸጠው ኮምፒውተር እሱ ነው ይላሉ። ኩባንያው ግን በ1994 (በፈረንጅ) ከስሮ ተዘጋ። አፕል አለ። አይቢኤም አለ። ኮሞዶርን ክፍል ውስጥ ብጠይቅ የሚያውቀው የለም። ይህን ያህል የሸጠ ድርጅት እንዴት ይወድቃል? እባካችሁ «ዘመን አለፈበት» ብላችሁ አትለፉኝ። ማን ምን ወስኖ እዚያ እንደደረሰ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ሁለተኛው። የሰፈራችን የሃይስኩል ልጆች ኮምፒውተር ሲባል ስልክና ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚያውቁት። ከፍቼ ላሳያቸው፣ እነሱም ራሳቸው እንዲጽፉበት አስቤያለሁ። የኃይል ሳጥኑ 220 ቮልት ይላል። በቀጥታ ልሰካው? ቴሌቪዥናችን ደግሞ አዲሱ ጠፍጣፋው ነው። ይቀበለዋል?


የቦርከና_ጥገና (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። ታሪኩ ቢዘገይም ምንም አይሆንም፣ ማሽኑ ግን ዛሬ ማታ ከሰካሽው ነገ ላይኖር ይችላል። እንዳትሰኪው!

ያ ከባድ ሳጥን የኮሞዶር 64 ደካማ ጎኑ ነው። ሁለት ዓይነት ኃይል ያወጣል፣ 5 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ) እና 9 ቮልት ኤሲ (እንደ ግድግዳው መብራት ተለዋዋጭ)። አምስቱን ቮልት ልክ የሚያደርገው ሬጉሌተር ሳጥኑ ውስጥ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ተደፍኗል። ስለዚህ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ከፍቶ መጠገንም አይቻልም። ዕድሜው ሲገፋ ይበላሻል። ሲበላሽ ደግሞ ኃይል አቁሞ ቢተኛ ደግ ነበር፣ እሱ ግን ቮልቱን ከፍ አድርጎ ነው የሚለቀው። አምስት መሆን የነበረበት ስድስት፣ ሰባት ይሆንና የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላቸዋል። ስንት ዓመት በደህና የተቀመጠ ማሽን በዚህ ምክንያት በአንድ ደቂቃ ይሞታል። የእኛን መብራት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ ከልኩ በላይ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ቴስተር ያለው ሰው ፈልጊ። ሳጥኑን ከኮምፒውተሩ ጋር ሳታገናኙ ብቻውን ሰክታችሁ አምስቱን ለኩ። ከ5.2 በላይ ካሳየ አበቃለት፣ ወደ ኮምፒውተሩ እንዳይጠጋ። ልክ 5 ቢያሳይም ብዙ አትመኚው። ያለ ጭነት ልክ ሆኖ እየሠራ ሲሞቅ የሚያመልጥ አለና።

እኔ ብሆን አሮጌውን ትቼ አዲስ ነው የምሠራው። አምስቱን ቮልት ቢያንስ 2 አምፔር ከሚሰጥ ጥሩ አዳፕተር ትወስጃለሽ። ዘጠኙን ከ220 ወደ 9 ከሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ 1 አምፔር ይበቃል፣ ፊውዝ ይግባበት። ልብ በይ፣ ዘጠኙ ኤሲ ሆኖ ነው መግባት ያለበት። «ዲሲ ይሻላል» የሚልሽ ባለሙያ ካገኘሽ አትስሚው። ለድምፁ ቺፕ፣ በአሮጌዎቹ ቦርዶች ለስክሪኑም ቺፕ የሚሆነው ኃይል ከዚያ ነው የሚወጣው። የካሴቱ ሞተርም ከእሱ ነው የሚዞረው። ውስጡ ያለው ሰዓት ደግሞ የመብራቱን 50 ኸርዝ እየቆጠረ ነው የሚሄድ። ከአሮጌው ሳጥን የሚጠቅምሽ ገመዱና ባለ 7 እግሩ ክብ ሶኬት ነው፣ እሱን ቆርጠሽ አስቀሪው።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ አብሽሪ። የጀርመን ስለሆነ የቲቪ ምልክቱ ፓል የሚባለው ዓይነት ነው፣ የእኛም የድሮው ስርጭት ፓል ስለነበር እዚህ የሚሸጥ ቲቪ ሁሉ ይቀበለዋል። ከአሜሪካ መጥቶ ቢሆን ቀለሙም ቮልቱም ያስቸግርሽ ነበር። ከኋላው ካለው የአንቴና መውጫ ወደ ቲቪው አንቴና መግቢያ ገመድ ታገናኝና አናሎግ ፍለጋ ታደርጊያለሽ፣ ቻናል 36 አካባቢ ላይ ታገኚዋለሽ። ጥራቱ አይመችሽ ይሆናል። ከክቡ የቪዲዮ ሶኬት ላይ ቢጫውን የኤቪ ገመድ አውጥቶ ማገናኘት ይሻላል፣ ቀላል ሥራ ነው።

ሲበራ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 ባይት ነፃ ነው የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደህና ነው። ጥቁር ሆኖ ከቀረ ወዲያው አጥፊው። አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ልጆቹ የጆይስቲኩን ሶኬት በጣታቸው እንዳይነኩ። ከሰውነታቸው የሚወጣው ስታቲክ በቀጥታ ውስጥ ካለው ቺፕ ጋር ነው የሚገናኘው፣ ብዙ ማሽን በዚያ በኩል ሞቷል።


ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። እኔ ለረጅም ዓመት ኮምፒውተር አስተምሬአለሁ፣ ይህን ታሪክ ተማሪዎቼ እንዲያውቁት ሁልጊዜ እፈልጋለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መነሻው አንድ ሰው ነው፣ ጃክ ትራሚየል። በ1928 ፖላንድ ሎድዝ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ገና ልጅ ሳለ ናዚዎች ኦሽዊትዝ የሚባለው የሞት ካምፕ አስገቡት፣ ተርፎ ወጣ። አሜሪካ ገብቶ ጦር ሠራዊት ውስጥ የጽሕፈት መኪና መጠገን ለመደ። ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የጥገና ሱቅ ከፈተ፣ ከዚያ ቶሮንቶ ሄዶ ኮሞዶርን አቋቋመ። ከጽሕፈት መኪና ወደ መደመሪያ ማሽን፣ ከዚያ ወደ ካልኩሌተር ገባ። ይህ ሰው ንግድን እንደ ጦርነት ነው የሚያየው፣ ራሱም በግልጽ ይናገረው ነበር። ይህን ያዥልኝ።

ካልኩሌተሩን ሲሠራ ቺፑን የሚገዛው ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበር። በ70ዎቹ መሃል ቴክሳስ ራሱ ካልኩሌተር መሸጥ ጀመረ፣ ያውም ኮሞዶር ለቺፑ ከሚከፍለው ባነሰ ዋጋ። አቅራቢሽ ተፎካካሪሽ ሲሆን መውጫ የለሽም። ኮሞዶር ሊሞት ደረሰ። ትራሚየል ከዚህ የወሰደው ትምህርት ሌላውን ሁሉ ወሰነው፤ ቺፕ የሚሠራ ፋብሪካ የራሴ ካልሆነ አልተርፍም አለ። በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የሚባለውን የቺፕ ፋብሪካ ገዛ። ገንዘቡ የመጣው ኧርቪንግ ጉልድ ከሚባል ካናዳዊ ባለሀብት ነው። ይህንንም ስም ያዢው፣ ኋላ ይመጣል።

ሞስ ውስጥ ቻክ ፔድል የሚባል መሐንዲስና ቡድኑ 6502 የሚባል ፕሮሰሰር ሠርተው ነበር። በ1975 በ25 ዶላር አወጡት፣ የሌሎቹ ዋጋ በመቶዎች በነበረበት ጊዜ። ልጄ፣ የቤት ኮምፒውተር የሚባለው ነገር የተወለደው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የአፕል 2 ልቡ 6502 ነው። አታሪ የሚባለው የጌም ኩባንያ ኮምፒውተሮችም እንደዚያው። ኮሞዶር ራሱ በ1977 ፔት የሚባለውን አወጣ፣ ቀጥሎ ቪክ 20ን። ቪክ 20 ከ300 ዶላር በታች ነበር፣ አንድ ሚሊዮን የተሸጠ የመጀመሪያው ኮምፒውተር እሱ ነው።

አሁን ወደ 64 እንምጣ። አል ሻርፐንቲየር የስክሪኑን ቺፕ፣ ቦብ ያኒስ የድምፁን ቺፕ ሠሩ። ያኒስ ሙዚቃና ሲንተሳይዘር የሚወድ ሰው ስለነበር የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ድምፅ ጢጥ ጢጥ ሲሆን የእሱ ቺፕ ሦስት ድምፅ በአንዴ ይጫወታል፣ ማጣሪያም አለው። ጥር 1982 ላስ ቬጋስ ላይ አሳዩት፣ ነሐሴ ላይ ገበያ ገባ። ዋጋው 595 ዶላር፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው አይቢኤም ፒሲ 16 ኪሎባይት ይዞ 1565 ዶላር ነበር። ተፎካካሪዎች ዋጋውን ሲሰሙ ደነገጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቺፑን ኮሞዶር ራሱ ስለሚሠራው አንዱ ማሽን የሚወጣበት ወጪ 135 ዶላር ገደማ ነበር ተብሎ ይገመታል።

ከዚያ ጦርነቱ ተጀመረ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ 99/4ኤ የሚባል የቤት ኮምፒውተር ነበረው። ትራሚየል የካልኩሌተሩን ቂም አልረሳም። ዋጋ ቀነሰ፣ ቴክሳስ ተከተለ፣ እንደገና ቀነሰ። በ1983 የ64ቱ ዋጋ 200 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ያ ብቻ አይደለም፣ ማንኛውንም አሮጌ ኮምፒውተር ወይም የጌም ማሽን ይዞ ለመጣ 100 ዶላር ቀንሰው ሰጡ። ሰዉ 50 ዶላር ገደማ የሚሸጠውን ታይምክስ ሲንክሌር የሚባል ርካሽ ኮምፒውተር ገዝቶ ይዞ ይመጣ ጀመር። ቴክሳስ ማሽኑን እስከ 100 ዶላር አወረደ፣ እያንዳንዱን በኪሳራ እየሸጠ። ጥቅምት 1983 ላይ የቤት ኮምፒውተር በቃኝ ብሎ ወጣ።

አክስትሽ ልክ ናቸው። ኮሞዶር ማሽኑን ከኮምፒውተር ሱቅ አውጥቶ አሻንጉሊት ቤትና ትልልቅ መደብር ውስጥ ነው ያስገባው። ጀርመን ውስጥ አልዲ የሚባለው ሱፐርማርኬት ሸጦታል።

እንግዲህ ድሉ እዚህ ላይ ነው። ጥር 1984 ላይ ትራሚየል ከጉልድ ጋር ተጣልቶ ከራሱ ኩባንያ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የአታሪን የኮምፒውተርና የቤት ጌም ክፍል ገዛ። ኮሞዶርን ያሳደገው ሰው የኮሞዶር ጠላት ሆነ ማለት ነው። እኔ ውድቀቱን የምቆጥረው ከዚያ ቀን ነው።


የሰኞ_ገበያ_ልጅ (ደሴ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እሱ በ1984 ወጣ፣ ኩባንያው የተዘጋው 1994። አሥር ዓመት ሙሉ ያለ እሱ ኖሯል። ታዲያ ወድቋል ይባላል?

@የቦርከና_ጥገና አልሰካሁትም! ካርቶኑን መልሼ ዘግቼዋለሁ።


ሐረጎ_ቁልቁለት (ኮምቦልቻ)

የልጅቷ ጥያቄ ትክክል ነው። ጋሽ ጦሳ ሥር፣ በአክብሮት ነው የምቃወምዎት። ትራሚየልን አንድ ሰው አድርጎ ሁሉን ነገር እሱ ላይ ማስቀመጥ ቀሪዎቹን ነፃ ያወጣቸዋል። ለእኔ ኮሞዶርን የገደለው በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ የተወሰነው ነው፣ ያውም እጃቸው ላይ ከማንም የተሻለ ማሽን እያለ።

አሚጋን ነው የምለው። አሚጋ ራሱን የቻለ ትንሽ ድርጅት ነበር፣ ጄይ ማይነር የሚባል የቺፕ ሊቅ ነበረው፣ ገንዘብ ግን አለቀበት። ከአታሪ 500,000 ዶላር ወስዶ ነበር። ኮሞዶር ደረሰለትና ብድሩን አስመልሶ በ1984 ጠቅልሎ ገዛው። ሐምሌ 1985 ኒውዮርክ ላይ አሚጋ 1000 ተመረቀ፣ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል መድረክ ላይ ወጥቶ በማሽኑ ሥዕል ሠራበት። በእኛ 77 ክረምት መሆኑ ነው። ወሎ ያኔ ምን ላይ እንደነበረ ለደሴ ሰው አልነግርም፣ ይህ ማሽን እኛ ዘንድ ለምን ወሬው እንኳ እንዳልደረሰ የሚጠይቅ ልጅ ካለ መልሱ እሱ ነው።

ማሽኑ 4096 ቀለም ያወጣል፣ አራት የድምፅ መስመር አለው፣ ብዙ ፕሮግራም በአንዴ ያሠራል። በዚያ ዓመት ፒሲ ላይ ድምፅ ማለት ጩኸት ነበር። በሰባት ዓመት ይቀድሙ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሰባቱን ዓመት ምን አደረጉበት? ተኙበት! መሠረታዊ ቺፖቹ በደንብ የተሻሻሉት በ1992 ነው። በዚያ መሃል ፒሲው በ1987 ቪጂኤ የሚባል የተሻለ የስክሪን ሥዕል አገኘ፣ በ1989 ሳውንድ ብላስተር የሚባል የድምፅ ካርድ መጣ፣ ዋጋው በየዓመቱ ወረደ።

ገንዘቡ ነበራቸው። 64ቱ እስከ መጨረሻው ሲሸጥ ኖሯል፣ ያበላቸው እሱ ነው። ግን ከዚያ የተገኘውን ለአዲስ ቺፕ ምርምር አላዋሉትም። ይልቅ ማንም ያልጠየቃቸውን ሞዴል ያወጡ ነበር። ፕላስ 4 የሚባል አወጡ በ1984፣ የ64ቱን ፕሮግራም አያሠራም፣ ድምፁም ከ64ቱ ያነሰ ነው። ማን ይገዛዋል? በ1992 በጣም ይሸጥ የነበረውን አሚጋ 500 ፕላስ አቁመው አሚጋ 600ን አመጡ፣ የቁጥር ኪቦርድ የሌለው፣ አቅሙም ያልጨመረ።

ሰውም አላስቀመጡም። ቶማስ ራቲጋን የሚባል ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ኪሳራውን ወደ ትርፍ መልሶት ነበር። ጥሩውን አሚጋ 500 ያስወጣው እሱ ነው። በ1987 ኧርቪንግ ጉልድ አባረረው፣ ሰውዬው ከሶ ረታ። በኋላ መህዲ አሊ የሚባል የፋይናንስ ሰው መጣ፣ መሐንዲሶቹ እስከ ዛሬ ስሙን በደግ አያነሱትም። ጉልድ ከመጀመሪያ ጀምሮ ገንዘብ ያዥ እንጂ ኮምፒውተር የሚወድ ሰው አልነበረም። ትራሚየል ቢያንስ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል። ችግሩ የእሱ መውጣት ሳይሆን እሱን የተካ አለመኖሩ ነው።


ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ወንድሜ፣ ስለ ጉልድ የጻፍከውን ሁሉ እቀበላለሁ፣ ራቲጋንንም አስታውሰህ ደግ አደረግህ። ግን ትራሚየልን ነፃ ያወጣኸው አንተ ነህ። እኔ ትራሚየል ቢቆይ ይድኑ ነበር አላልኩም። ማሸነፊያው ራሱ መሸነፊያ ሆኖባቸዋል ነው የምለው፣ ቀድሞ በደንብ አላብራራሁት ይሆናል።

ስለ ሻጮቹ አስብ። 64ቱ ሲወጣ በየከተማው ያሉ ትንንሽ የኮምፒውተር ሱቆች ገዝተው ደርድረውት ነበር። ፒያሳ ላይ ያለ ነጋዴ ዕቃ በሙሉ ዋጋ አስገብቶ ገና ሳይሸጥለት፣ አከፋፋዩ ራሱ ያንኑ ዕቃ ፊት ለፊቱ ላለው ትልቅ መደብር በግማሽ ዋጋ ቢሰጥበት ዳግም አብሮት ይሠራል? አይሠራም። ኮሞዶር በ1983 ያደረገው ይህን ነው። ዋጋው በየወሩ ሲወርድ ኪሳራውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

በ1985 አሚጋ ሲመጣ ደግሞ 1295 ዶላር የሚያወጣ፣ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሻጭ የሚፈልግ ማሽን ነው። አሻንጉሊት ቤት አይሸጠውም። ኮሞዶር ወደ እነዚያው ሱቆች ተመለሰ፣ ስንቱ በሩን ዘጋበት። ስሙም ተጎድቶ ነበር፤ ሰዉ ኮሞዶር ሲባል የልጆች ጌም ነው የሚታየው። አይቢኤም ደግሞ መስሪያ ቤቱን ሁሉ ይዟል፣ ሰው ቢሮው የሚጠቀምበትን ነው ቤቱም የሚገዛው። የአይቢኤምን ዓይነት ማሽን ደግሞ ማንም ፋብሪካ መሥራት ይችላል፣ መቶ ድርጅት ተሻምቶ ዋጋውን ያወርደዋል። ያኔ ኮሞዶር ብቻውን ነው። የራሱ ቺፕ፣ የራሱ ፋብሪካ፣ የራሱ ሁሉ ነገር። በ1982 ያስቻለው እሱ ነበር፣ በ1992 ግን ያን ሁሉ ብቻውን የሚያሳድስበት አቅም አልነበረውም።

መጨረሻው ሚያዝያ 29 ቀን 1994 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 21 ቀን 1986። በቀጣዩ ዓመት ኤስኮም የሚባል የጀርመን ድርጅት ስሙንና መብቱን ገዛ፣ እሱም በ1996 ከሰረ።


ሐረጎ_ቁልቁለት (ኮምቦልቻ)

የሻጮቹን ነገር አላሰብኩበትም ነበር፣ ይህኛው አሳማኝ ነው። በጉልድ ላይ ግን አልለቅም :)


ሆጤ_ኮድ (ደሴ)

ስለ ንግዱ ብዙ ተባለ፣ እኔ ልጆቹን በተመለከተ ልጨምር። እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ኮሞዶር 64ን በኮምፒውተሬ ላይ በኢሙሌተር (አሮጌውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም) እየከፈትኩ ነው ኮምፒውተር ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መጽሐፉን ነው። ሜሞሪ አድራሻ የሚባለውን በእጄ የነካሁት እዚህ ማሽን ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራሚየል ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከማይክሮሶፍት አንዴ ከፍሎ ነው የወሰደው፣ በእያንዳንዱ ማሽን አይከፍልም። ስለዚህ ያንኑ የፔቱን አሮጌ ቤዚክ 64ቱ ላይ ደገመው። አዲስ ለማሠራት ገንዘብ አላወጣም። ውጤቱ ምን ሆነ፣ ያን ሁሉ ሥዕልና ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ውስጥ ለሥዕልና ለድምፅ የሚሆን አንድም ትዕዛዝ የለም! ክብ ልሣል ብትዪ ትዕዛዙ የለም። ድምፅ ላውጣ ብትዪ የለም። ያለው ፖክ ብቻ ነው፣ ቁጥር ወስዶ ሜሞሪ ውስጥ የሚያስቀምጥ። ስለዚህ ልጁ የግድ ቺፑ የት ቁጥር ላይ እንደተቀመጠ ማወቅ አለበት። ስንፍናም ይሁን ቁጠባ፣ በዚህ ምክንያት አንድ ትውልድ አውሮፓ ውስጥ ከማሽኑ ጋር በቀጥታ መነጋገር ለመደ። ዛሬ የምናደንቃቸው የጌምና የኮምፒውተር ሙዚቃ ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ ነው የተነሡ። በዚህ ነገር ከልቤ ነው የምደሰተው።

ዲስክ ድራይቩም እንደዚያ ነው። አክስትሽ ካሴት ስለያዙ አንቺን አይመለከትም፣ ግን ልንገርሽ። 1541 የሚባለው ዲስክ ድራይቭ ውስጡ የራሱ ፕሮሰሰር ነበረው፣ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ይዞ በሰከንድ 400 ባይት ገደማ ነበር የሚያስተላልፈው። በጣም ይዘገያል። ልጆቹ ምን አደረጉ? ድራይቩ ውስጥ ገብተው የራሱን ፕሮሰሰር በአዲስ ፕሮግራም እያሠሩ ብዙ እጥፍ አፈጠኑት። ፋብሪካው የተወውን እነሱ ጨረሱት።

ለሃይስኩል ልጆች ከጌም አትጀምሪ፣ ጌም ስልካቸው ላይ ሞልቷል። ማሽኑ እንደበራ ፖክ 53280፣0 ያስጽፊያቸው። የስክሪኑ ዳር ጥቁር ይሆናል። 53281 ሲሉ መሃሉ ይቀየራል። ከ0 እስከ 15 ያሉት ቁጥሮች 16ቱ ቀለሞች ናቸው፣ ቁጥሩን ራሳቸው እየቀያየሩ ይሞክሩ፣ አትንገሪያቸው። ከዚያ ሁለት መስመር ብቻ፣ 10 ላይ ይህንኑ ፖክ ቁጥሩን በራንደም እያወጣ እንዲያስገባ፣ 20 ላይ ወደ 10 ተመለስ። ዳሩ በቀለም ይጨፍራል። ለምን ቀለሙ በመስመር በመስመር ይቆራረጣል ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ይመጣል፣ እርግጠኛ ነኝ። እሱን ልጅ ያዥው፣ ስክሪን ከላይ ወደ ታች እንደሚሣልና ፕሮግራሙ በዚያ መሃል ቀለሙን እየቀየረ መሆኑን ልታስረጂው ነው።

ለድምፅ ቺፑ ከ54272 ይጀምራል፣ 54296 የድምፁ መጠን (ቮልዩም) ነው። ከአንቺሆዬ ቅኝት አምስቱን ድምፅ ቁጥር አውጥተሽ ብታስገቢበት ልጆቹ ይበልጥ ይይዙታል ብዬ አስባለሁ። ከተቸገርሽ ቁጥሮቹን አብረን እናወጣቸዋለን፣ የጀርመኑ ማሽን ፍጥነት ከአሜሪካው ትንሽ ስለሚለይ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ዝም ብለሽ እንዳትወስጂ።


የሰኞ_ገበያ_ልጅ (ደሴ)

ሆጤ_ኮድ የኔ እህት፣ በጣም ነው የማመሰግነው። የአንቺሆዬው ሐሳብ ልቤን ወሰደው፣ ቁጥሮቹን አብረን እናውጣ።

ጋሽ ጦሳ ሥርና ሐረጎ፣ ሁለታችሁም የጻፋችሁትን አንድ ላይ ሳነብ መልሴን አገኘሁ። የኮርስ ፕሮጀክቴን በዚህ ላይ ልሠራው ነው፣ ስሕተት ካለበት እንድታርሙልኝ እልክላችኋለሁ።

@የቦርከና_ጥገና ካሴቶቹስ? ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተጫወቱ አይመስለኝም፣ ይነበባሉ?


የቦርከና_ጥገና (ኮምቦልቻ)

አብዛኛው ይነበባል፣ ሻጋታ ካልያዘው። ደሴ ብርድና እርጥበት ስላለ ካሴቱን ብርሃን ላይ አድርገሽ ቴፑ ላይ ነጭ ነገር እንዳለ እይ። ካለ አታጫውቺው፣ ሄዱን (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሸዋል። ከሌለ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዙረሽ መልሺው፣ ተጣብቆ ከሆነ ይላቀቃል። የማጫወቻውን ሄድ በጥጥና በአልኮል ጥረጊው፣ የጎማ ቀበቶውም ላልቶ ይሆናል፣ እሱ ይገኛል። ካጸዳሽው በኋላም እምቢ ካለ ሄዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፣ የሄዱን አቀማመጥ የምታስተካክል። ያቺን በራስሽ አትንኪያት፣ ትንሽ ከዞረች የቀሩትም ካሴቶች አይነበቡም።

ትራንስፎርመሩን እኔ ጋ ታገኛለሽ። ለትምህርት ስትወርጂ የኃይል ሳጥኑንና ገመዱን ብቻ ይዘሽ ነይ፣ ኮምፒውተሩን በሚኒባስ አታንገላቺው። ለክተን አዲሱን ሠርተን እሰጥሻለሁ፣ ከዚያ ቤትሽ ገብተሽ መጀመሪያ በቴስተር ለክተሽ ነው የምትሰኪው።